ህትመት ሳይሆን ዳና

«የሞለኪውል ህትመት» የሚለው ሐረግ ሥር ሳይሰድ ሊታረም ይገባል። የእንግሊዝኛው «ኢምፕሪንቲንግ» በውስጡ «ፕሪንት» ስላለበት ብቻ ተርጓሚዎች በቀጥታ ወደ ማተሚያ ቤት ሄዱ። ህትመት ሲባል ግን ቀለምና ወረቀት ነው የሚታየን፤ በገጹ ላይ ያልነበረ ነገር ይጨመራል። እዚህ ሥራው የሚያልቀው የነበረው ሲወጣ ነው።

አሠራሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ጄል ወይም ፖሊመር አንድ የተመረጠ ሞለኪውል ባለበት እንዲረጋ ይደረጋል። ሲረጋ ሞለኪውሉ ታጥቦ ይወጣል፤ ቅርጹን የያዘ ጎድጓዳ ቦታ ይቀራል። ፍራንክ ዲኪ በካልቴክ የኬሚስቱ የላይነስ ፖሊንግ ተማሪ ሳለ ሲሊካ ጄልን ሜቲል ኦሬንጅ ከሚባለው ማቅለሚያና ከዘመዶቹ ጋር አርግቶ ካጠበ በኋላ፣ እያንዳንዱ ጄል አብሮት የረጋውን ከሌሎቹ አብልጦ እንደሚይዝ አየ፤ ውጤቱንም በ1949 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ሐሳቡ የተነሣው ፖሊንግ ፀረ እንግዳ አካላት ስለሚፈጠሩበት መንገድ ካቀረበው መላ ምት ነበር። መላ ምቱ ወደቀ፤ ጄሉ ግን ቆመ።

ወደ ቃሉ እንመለስ። «ህትመት» የመጣው ከግዕዙ «ኀተመ» ነው፤ ትርጉሙ በማኅተም ዘጋ፣ አሸገ ማለት ነው። በዚህ በኩል «ማኅተም» ከ«ህትመት» ይሻላል፤ ሰም ላይ ተጭኖ ቅርጽ ይተዋልና። ነገር ግን ማኅተም የሚያትመው መሣሪያም የታተመው ምልክትም ስለሆነ የትኛውን እንዳልን አይለይም። «አሻራ» የሚሉም አሉ። ውብ ቃል ነው፤ ሆኖም አሻራ ጠፍጣፋ ነው፣ ጥልቀት የለውም፤ ዛሬ ደግሞ መታወቂያና ፖሊስ ጣቢያን ያስታውሳል። የግዕዙ «አሠር» የእግር ምልክት ማለት ስለሆነ በትርጉም ይስማማል፤ ለአማርኛ ጆሮ ግን ከ«ማሰር» ጋር ይጋጫል።

እኔ የምሟገተው ለ«ዳና» ነው። አውሬው ሄዷል፤ እርጥቡ መሬት ግን የኮቴውን ልክ ይዟል፤ የሚያውቅ ሰው አይቶ የሚዳቋ ነው፣ የከርከሮ ነው ይላል። ባለቤቱ የለም፣ ልኩ አለ፣ ከልኩም ባለቤቱ ይታወቃል፤ ሦስቱም በአንድ ቃል። ዳና የእግር ድምፅም ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ እውነት ነው፤ በኬሚስትሪ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ግን ማንንም አያሳስትም። «ዱካ»ም ለጥቂት አመለጠኝ፤ መቀመጫውን ዱካ ብንተወው እንኳ «ዱካው ጠፋ» ስንል የምናስበው መንገዱን እንጂ ጉድጓዱን አይደለም።

የቃል ጥራት የሚለካው በመርባቱም ነው። ኢምፕሪንቲንግ «ዳና ማስያዝ» ይሆናል። ታጥቦ የሚወጣው ሞለኪውል «ባለዳና»፣ ለማነጻጸሪያ ያለ እሱ የሚዘጋጀው ፖሊመር ደግሞ «ዳና አልባ» ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. የክላውስ ሞስባክ ቡድን በስዊድን ያሳየውን በእነዚህ ቃላት መንገር አይከብድም፦ የአስም መድኃኒት የሆነው ቴኦፊሊን ዳናውን ያሳረፈበት ፖሊመር ቴኦፊሊንን አጥብቆ ያዘ፤ በአንዲት ሜቲል ብቻ የሚለየውን ካፌይን ግን እምብዛም አልተቀበለም።

ዳናው ባለዳናውን መልሶ የሚይዝበት «አድሶርፕሽን»ም «መምጠጥ» እየተባለ ነው፤ ይህም መቅረት አለበት። የተመጠጠ ነገር ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ይህኛው ግን ገጽ ላይ ይያዛል። «ለጠፈ» የሚል ግስ እያለን ምን አስቸገረን? «ልጥፈት» እንበለው፤ ቅርጽ እየለየ ሲሆን «ቅርጽ መራጭ ልጥፈት»። አንዳንድ ጊዜ ዳናው በፖሊመሩ ሆድ ሳይሆን በስስ ሽፋን ላይ እንዲያርፍ የሚደረገውም ባለዳናው በቀላሉ እንዲወጣና ተመልሶ እንዲለጠፍ ነው፤ «መምጠጥ» ያልን እንደሆነ ይህን ማስረዳት አንችልም።