ከወረታ እስከ ይፋግ በእግር

የጎንደር ልጆች ስንገናኝ ወሬያችን ዞሮ ዞሮ ቲቲፒ ላይ ያርፋል። አንዱ ቁንጫውን ያነሳል፣ ሌላው በየቀኑ የቀረበውን ሽሮ። እኔን የሚመጣብኝ ግን የእግር መንገዱ ነው። በ1997 ዓ.ም. ጥር ወር ቡድናችን ወረታ ተመድቦ ነበር፤ የሕክምና፣ የጤና መኮንን፣ የነርስ፣ የአካባቢ ጤናና የላቦራቶሪ ተማሪዎች አንድ ላይ። ዛሬ ልጽፍ የፈለግኩት ስለ አንዷ ቀን መንገድ ነው።

በእግር መውጣቱን እኛ አልጀመርነውም። ኮሌጃችን እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት የቅርብ ምክንያቱ ከዓመት በፊት ደምቢያን የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ነበር። ስለዚህ ከመጀመሪያው የሠለጠኑት የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን ናቸው፤ ሦስቱ አብረው ገጠር እንዲወርዱ። የሐኪሞች ትምህርት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1978 ከላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ነው። እኛ ሐኪሞቹ እንግዲህ በተረገጠ መንገድ ላይ ነው የደረስነው (ይህን ስል የሚቆጡ የክፍል ጓደኞች አሉኝ፣ ይቅር በሉኝ)።

የዚያን ቀን ከወረታ የወጣነው ገና ሳይነጋ ነው። መሪያችን የቀድሞ የወባ ሠራተኛ ነበሩ፤ አያ እንላቸዋለን፣ እሳቸው «ልጆቼ» ይሉናል። አስፋልቱን ትተን ሜዳው ውስጥ እንደገባን ምክራቸው አንድ ብቻ ነበር፦ «የበሬውን ኮቴ ተከተሉ፣ በሬ ስንጥቅ አይረግጥም።» የፎገራን ዋልካ በበጋ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ርብና ጉማራ ከ4,100 ሜትር በላይ ከሆነው ከጉና ተራራ አፈር ይዘው ወርደው፣ ጣና ከመግባታቸው በፊት እዚህ ሜዳ ላይ ይተኛሉ። ክረምት ባሕር ነው። በጋ ሲሆን ያ ጥቁር አፈር ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ እጅ እስከ ክርን ያስገባል። ያን ዕለት ሳኒቴሪያናችን ዱላውን አስገብቶ ጥልቀቱን ሲለካ ሳቅንበት።

ሩዙ ታጭዶ ነበር። በ1970ዎቹ ሰሜን ኮሪያውያን ባለሙያዎች በኅብረት ሥራ ማኅበራት የሞከሩት ሩዝ ያኔውኑ የአካባቢው እህል ሆኗል። በቀረው እርጥበት ላይ ደግሞ ጓያ ለምልሟል፤ እሸቱን ቀጥፈን እየበላን ሄድን። አያ አዩንና «ለእናንተ ምንም አይልም፣ ክፉ ዘመን ሲመጣ እሱን ብቻ የበላ ነው የሚሰበር» አሉን። መንገድ ላይ ጓያ የሰበራቸው ሁለት ሰዎች አገኘን። ጉልበታቸው እየተጋጨ፣ በጣታቸው እየረገጡ፣ በዱላ የሚሄዱ። በመጽሐፍ ያነበብነው በሽታ ገበያ ሲሄድ ደረስንበት ማለት ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት ጥናት የተሠራው በዚሁ በፎገራና በደምቢያ፣ ቤት ለቤት እየተዞረ ነው፤ በአማካይ ከ1,000 ሰው 6ቱ ተሰብሮ ተገኘ። እግሩ የማይታዘዝለት ሰው ጤና ጣቢያ ድረስ አይመጣም። ቤቱ ካልተሄደ አይቆጠርም ነበር።

ርብን ጫማ አውልቀን ተሻገርን፤ ውኃው ከጉልበት በታች ነበር። ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ከጎንደር በእንፍራዝ በኩል ወደ ጢስ ዓባይ ሲወርድ ይህንኑ ወንዝ ተሻግሯል። እሱም እንደኛ ያልጨረሰ ሐኪም ነበር፤ ሳይመረቅ ጎንደር ቤተ መንግሥት ውስጥ ፈንጣጣ ሲያክም ነው የከረመው። ከወንዙ ማዶ የሊቦ ከምከም ኮረብታዎች ይጀምራሉ። አንዱን ወጥተን ቁጭ አልን። በምዕራብ ጣና፣ በስተሰሜን ቀጥ ብለው የቆሙት ቋጥኞች፣ ከእነሱም ማዶ ሠርጸ ድንግል የጉዛራን ግንብ የሠራበት የእንፍራዝ ወገን። ከታች በ19ኛው መቶ ዘመን ከበጌምድር ታላላቅ ገበያዎች አንዷ የነበረችው ይፋግ። ቁልቁለቱና የሜዳው ዳር ግራር ነው። ደስ ይል ነበር፣ ምን ልበላችሁ።

ከዚያ ኮረብታ ሥር ካለ ቤት ነው ልጁን ያየሁት። ዐሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው፣ እረኛ። ሁለት ወር ሙሉ ትኩሳት፤ ክንዱ እንጨት፣ ሆዱ ከበሮ። ሦስት ጊዜ የወባ መድኃኒት ተሰጥቶታል። ጣፊያው ከእምብርቱ አልፏል። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ጣፊያ በእጄ ገብቶ አያውቅም ነበርና ጓደኞቼን ጠርቼ ተራ በተራ አስዳሰስኳቸው።

ካላ አዛር ትዝ ሳይለኝ ቀርቶ አይደለም። እንደተማርኩት «ሁመራ ወይ መተማ ወርዶ ያውቃል?» ብዬ እናቱን ጠየቅኩ። «ኧረ ከዚች መንደር ወጥቶ አያውቅም ልጄ» አሉኝ። በቃ፣ ካላ አዛር የቆላ በሽታ ነው፣ የሰሊጥ አጫጅ በሽታ ነው፤ ሰረዝኩት። ወባ ያሳበጠው ጣፊያ ብዬ ጻፍኩ። እናትየው «ወባማ እናውቀዋለን፣ ይኼ ሌላ ነው» ሲሉ ራሴን ነቀነቅኩ እንጂ አልሰማኋቸውም። ሳኒቴሪያናችን ስለ አጎበር ሲጠይቅ ደግሞ ልጁ ራሱ መለሰ፦ ከብት ሲጠብቅ ግራር ሥር ነው የሚያድረው።

ግንቦት ላይ ከአዲስ ዘመን ወሬው መጣ። በሊቦ ከምከም መድኃኒት የተላመደ ወባ ሲባል የከረመው ካላ አዛር ሆኖ ተገኘ፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከግንቦት 17 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሕክምና ከፈቱ። በኋላ የወጣው የሕሙማኑ መዝገብ ትንታኔ እንደሚያሳየው ከታካሚዎቹ 77.6 በመቶ ወንዶች ናቸው፣ መካከለኛ ዕድሜያቸው 18፣ ከታከሙት የሞቱት 3.6 በመቶ። ካልታከመ ግን ካላ አዛር ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይገድላል። ወረርሽኙ ሁለት ወረዳ አዳርሶ እዚያው ነዋሪ ሆኖ ቀረ። ሌላ ጥናት ደግሞ ሌሊት ግራር ሥር የሚተኛ ሰው የበለጠ እንደሚያዝ አሳየ። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትወደው ግራር ያለበትን የተሰነጠቀ ጥቁር አፈር ነው። መተማም እንዲያ፣ ሁመራም እንዲያ።

ይህን ሳነብ ሆዴ ቁርጥ ነው ያለው። ስንጥቁን ከጠዋት ጀምሮ ስዘለው ውያለሁ፣ ግራሩ ሥር ምሳ በልቻለሁ። «ወርዶ ያውቃል?» ብዬ የጠየቅኩት ግን ክፍል ውስጥ የሠራሁትን ካርታ ይዤ ነው። እግሬ ያየውን ጭንቅላቴ አልጠየቀውም። ዛሬ ተማሪ ሳስተምር ከቤት ለቤት ጉዞ ሲመለሱ መጀመሪያ ስለ በሽተኛው አልጠይቃቸውም። አፈሩ ምን ይመስላል፣ ዛፉ ምንድን ነው፣ ሰው የት ያድራል? ይስቃሉ፤ እኛም ስቀን ነበር። አሁን አሁን እንደ ልብ የማይኬድበት ጊዜ መጥቶ ብዙዎቹ የሚያውቁት ከመኪና መስኮት ያዩትን ብቻ ነው።

በ1999 ዓ.ም. አካባቢ በሌላ ሥራ ወረታ ሄጄ ያን ቤት ፈልጌ ነበር። በመካከሉ የ1998ቱ ክረምት ጎርፍ ሜዳውን አጥለቅልቆ ብዙ ሰው ተፈናቅሏል፤ አያም አርፈዋል። ኮረብታውን አገኘሁት፣ ቤቱን ግን መለየት አቃተኝ።

የዚያ ቡድን ልጆች ይህን እንደምታነቡ አውቃለሁ። የመስክ ደብተሬ እስካሁን አለ። ጣፊያው 14 ሳንቲሜትር እንደነበር በደንብ ጽፌያለሁ፤ የልጁን ስም ግን አልጻፍኩም። ከእናንተ አንዳችሁ ጽፋችሁት ይሆናልና እስቲ ደብተራችሁን ፈልጉልኝ።