የእምባቦ ድንጋይ የማንን ስም ይጥራ?

በሮም፥ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ፥ በፈርዖን ራምሴስ ዘመን ግብፅ የተጠረበ ድንጋይ ቆሟል። ኢጣልያኖች በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የጣላቸውን ወታደሮቻቸውን ስም ጻፉበት፤ የተወረረውን ሕዝብ ግን አላነሡትም። በእምባቦ የሚቆም ድንጋይ እንዲህ ሊሆን አይገባም።

በ1874 ዓ.ም. ከዓባይ ማዶ ላለው ወርቅ፥ ቡናና የዝሆን ጥርስ ሲሻሙ፥ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ እዚያ ተዋጉ። የራስ ጎበና ፈረሰኛ ድሉን ለሸዋ አደረገ፤ ተክለ ሃይማኖትም ተማረኩ። ሉማሜ ላይ ይህን የሚያስተምር መምህር የጎጃምን ሽንፈት ብቻ ቢተርክ ግማሹን ተናገረ ማለት ነው፤ የወደቀው አራሽ የጎጃምም፥ የሸዋም፥ የኦሮሞም ልጅ ነበርና። ነገሥታቱስ ከ14 ዓመት በኋላ ዓድዋ ላይ ባንድ ወገን ተሰለፉ!

እንግዲህ ድንጋዩ የሁሉንም ሙታን ይጥራ። ከድንጋዩ አስቀድሞ ግን ሜዳው ይከለል፤ ሽማግሌዎች የሚያውቁት የየጉብታውና የየወንዙ ስም በኦሮምኛም በአማርኛም ይመዝገብ።