የጃማይካ ቁርስ እና ያልጠየቅነው ታሪክ

ኪንግስተን መኖር በጀመርንበት ሰሞን፣ ለቁርስ የቀረበልን ነገር የእንቁላል ፍርፍር መስሎን ነበር። ለካ አኪ የሚባል የዛፍ ፍሬ ኖሯል! በጨው ከደረቀ ዓሣ ጋር ተጠብሶ ይበላል፤ የጃማይካ ብሔራዊ ምግብም ይኸው ነው። ጣፈጠን፣ ደገምን።

ታሪኩን ስንሰማ ግን ጉርሻው ጉሮሯችን ላይ ቆመ። አኪ በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ በባሪያ ንግድ ጊዜ ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ ፍሬ ነው። ዓሣው የሸንኮራ አገዳ እርሻ ጌቶች ከሰሜን አትላንቲክ በርካሽ እያስመጡ ለባሪያዎቻቸው የሚሰፍሩት ቀለብ ነበር። አጠገቡ የተቀመጠውን ብሬድፍሩት የተባለ ፍሬም ካፒቴን ብላይ እ.ኤ.አ. በ1793 ከታሂቲ ችግኙን በመርከብ ያመጣው ለዚያው ነው፤ ባሪያን በትንሽ ወጪ ለማብላት።

እ.ኤ.አ. በ1838 ሙሉ ነጻነት ሲመጣ ሰዎቹ ቀለቡን አልጣሉትም። በሽንኩርት፣ በቲማቲምና በሚያቃጥል ቃሪያ አጣፍጠው የራሳቸው አደረጉት። ዛሬ እንግዳ የሚያከብሩት በእሱ ነው።

እኛስ? አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1966 ኪንግስተን ሲገቡ የወጣውን ሕዝብ ብዛት ስናወራ ያደግን ነን። ያ ሕዝብ ምን በልቶ እዚያ እንደደረሰ ግን አንድም ቀን ጠይቀን አናውቅም።