«ባድ ሌተናንት»፦ ስሙ ያልተጠራው የፖሊስ መኮንን

«ባድ ሌተናንት» በአሜሪካዊው ዳይሬክተር ኤብል ፌራራ ተሠርቶ በአውሮፓውያኑ 1992 ለዕይታ የበቃ የወንጀል ፊልም ነው። ርዕሱ በአማርኛ «መጥፎው መቶ አለቃ» እንደማለት ነው። ዋናውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ሃርቪ ካይቴል ሲኾን መኮንኑ የሚታወቀው በማዕረጉ ብቻ ነው፤ ስሙ አንድም ጊዜ አይጠራም።

ታሪኩ የሚፈጸመው በኒው ዮርክ ከተማ ነው። መቶ አለቃው ሁለት ወንዶች ልጆቹን ትምህርት ቤት እንዳደረሰ ገና ከመኪናው ሳይወርድ ኮኬይን ይወስዳል። በሥራው ላይ ያገኘውን አደንዛዥ ዕፅ ለሻጭ ያስረክባል፤ ሱቅ የዘረፉ ወጣቶችን ይይዝና የተዘረፈውን ገንዘብ ራሱ ኪሱ ይከተዋል። ሱሱን የሚመግበው በደመወዙ ሳይኾን በፖሊስነት ሥልጣኑ ነው።

ከዕፁ ባልተናነሰ ቁማርም ይዞታል። በፊልሙ የሎስ አንጀለሱ ዶጀርስ እና የኒው ዮርኩ ሜትስ የተባሉ የቤዝቦል ቡድኖች ይጋጠማሉ፤ ከሰባት ጨዋታ አራቱን ያሸነፈ ያልፋል። ዶጀርስ 3 ለ 0 ሲመራ መቶ አለቃው ገንዘቡን በእርሱ ላይ ያስይዛል። ሜትስ ማንሰራራት ሲጀምር የከሰረውን ለማስመለስ ውርርዱን እጥፍ ያደርጋል፤ ሲሸነፍ ደግሞ እንደገና እጥፍ። አበዳሪዎቹ ዕዳቸውን በነፍስ የሚያስከፍሉ ወንበዴዎች ናቸው። ግጥሚያው የፈጠራ ነው። ይሁን እንጂ በአሜሪካ ዋና ሊግ 3 ለ 0 ተመርቶ ተከታታዩን ያሸነፈ ቡድን እስከ 2004 ድረስ አልነበረምና የሰውዬው ስሌት የእብድ ስሌት አልነበረም። አደገኛ ያደረገውም ይኸው ነው።

በዚህ መሐል አንዲት መነኩሲት በቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሁለት ወጣቶች ትደፈራለች። ወንጀለኞቹን ለሚጠቁም 50 ሺህ ዶላር ወሮታ ተመድቧል፤ መቶ አለቃው ጉዳዩን የሚፈልገው ለዕዳው ነው። መነኩሲቷ ግን ደፋሪዎቿን ብታውቃቸውም ይቅር ብያቸዋለሁ ብላ ስማቸውን አታወጣም። እርሱ ይቅርታ የሚባለው ነገር ሊገባው አይችልም፤ ይቆጣል፣ ይለማመጣል፣ በመጨረሻም በቤተ ክርስቲያኑ ወለል ላይ ወድቆ ያለቅሳል። የተሰረቀውን ጽዋ ይዛ የመጣች አንዲት ሴት ወደ ወጣቶቹ ትመራዋለች። እርሱም አያስራቸውም፤ ዕዳውን ሊያቃልልለት ይችል የነበረውን 30 ሺህ ዶላር ሰጥቶ በአውቶቡስ ከከተማው ያስወጣቸዋል። ከዚያም መኪናው ውስጥ እንዳለ በጥይት ይገደላል። ወጣቶቹን መልቀቁ ጽድቅ ነው ወይስ ሌላ የሥልጣን ብልግና? ፊልሙ መልስ አይሰጥም፤ መነኩሲቷን ግን ማንም ዳግመኛ አልጠየቃትም።

ፊልሙ የወጣው የኒው ዮርክ ፖሊስ በእውነተኛ ቅሌት በሚታመስበት ዓመት ነው። በግንቦት 1992 የብሩክሊን ፖሊሶች በዕፅ ንግድ ተጠርጥረው ከተያዙ በኋላ ከንቲባ ዴቪድ ዲንኪንስ በቀድሞው ዳኛ ሚልተን ሞለን የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋሙ። ኮሚሽኑ በ1994 ባወጣው ሪፖርት ሙስናው መልኩን መቀየሩን አመለከተ፦ ቀድሞ ፖሊሱ ጉቦ ተቀብሎ ዐይኑን ይጨፍን ነበር፤ አሁን ራሱ ይሰርቃል፣ ይነግዳል። መሥሪያ ቤቱም ቅሌትን በመፍራት ጥፋቱን ይሸፋፍን ነበር።

በ2009 ጀርመናዊው ቬርነር ሄርዞግ ተመሳሳይ ርዕስ ያለው ፊልም ከኒኮላስ ኬጅ ጋር ሠርቷል። ቦታው በካትሪና አውሎ ነፋስ የተመታችው ኒው ኦርሊንስ ናት፤ መኮንኑ ሱስ የያዘው ለጀርባው ሕመም ከሚወስደው ማስታገሻ ነው። ይህኛው ቀልድ ይቀላቀልበታል፤ የመጀመሪያው ፈጽሞ አይቀልድም። በአሜሪካም የተለቀቀው ሕፃናትና ታዳጊዎች እንዳያዩት በሚከለክል ደረጃ ነበር።

የ1992ቱን ፊልም ከፌራራ ጋር የጻፈችው ዞዪ ሉንድ ናት። በፊልሙም ውስጥ መቶ አለቃውን ሄሮይን የምትወጋውን ሴት ተጫውታለች። ሉንድ ራሷ የዕፅ ተጠቃሚ ነበረች፤ በ1999 በ37 ዓመቷ ፓሪስ ውስጥ ሕይወቷ አልፏል።