የማንጎውን ዛፍ ያነቃው ጭስ

በሥራችን ከወላጆች ጋር ስንቀመጥ «እኛ ምን እናውቃለን፣ አልተማርን» የሚል ነገር ደጋግመን እንሰማለን። ሹኩ በማንጎ በሚሞላበት በዚህ ወቅት አንድ የማንጎ ታሪክ እናውጋችሁ።

ማንጎ አመለኛ ዛፍ ነው። አንድ ዓመት ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ያፈራል፤ በሚቀጥለው ዓመት አበባም ሳያሳይ ዝም ሊል ይችላል። የፊሊፒንስ ገበሬዎች ለዚህ ዘዴ ነበራቸው። ከዛፉ ሥር እርጥብ ቅጠልና ሣር ቆልለው ያጨሱታል። እሳቱ ቦግ እንዳይል፣ ጭሱም እንዳይቋረጥ ቀን ከሌት ይጠበቃል፤ አንዳንዴ እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ። እንቡጥ ከወጣ እሰየው። ካልወጣ ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ቀረ ማለት ነው።

ለምን እንደሚሠራ በኋላ ታወቀ። ጭስ ውስጥ ኤትሊን የሚባል ጋዝ አለ። ዕፅዋት ራሳቸውም ይሠሩታል፤ ማበብና መብሰልን ከሚያዙት ሆርሞኖች አንዱ ነው። ነቢዩ አሞጽ እንኳ እረኛና የሾላ ሠራተኛ ነበር፤ ብዙ ሊቃውንት ሥራው የሾላውን ፍሬ በስለት መጫር ነበር ይላሉ። የተጫረው ፍሬ ኤትሊን ያወጣል፣ በጥቂት ቀንም አብጦ ይበስላል። በግብፅ ይህ ልማድ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ቆይቷል።

ወደ ማንጎው እንመለስ። ራሞን ባርባ የተባለ የፊሊፒንስ ተመራማሪ ጭሱን የሚተካ ነገር ይፈልግ ነበር። ያገኘው ፖታሲየም ናይትሬትን ነው፤ ማዳበሪያ ነው፣ ባሩድ ውስጥም ይገባል። 1 ኪሎ ያህሉን በ100 ሊትር ውሃ በጥብጦ ቅጠሉ ላይ ሲረጨው ዛፉ በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ እንቡጥ አወጣ። ቅጠሉ ግን የጠና መሆን አለበት፤ ለጋ ከሆነ አይሰማም። ሥራውን በ1974 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ገበሬው ያለ ወቅቱ፣ ዋጋ ባለበት ጊዜ ማንጎ መሸጥ ቻለ።

ባርባ ግኝቱን በስሙ አስመዝግቧል፤ ከገበሬዎቹ ግን ክፍያ አልጠየቀም። ሀብታም መሆን ይችል ነበር፣ አልፈለገም። አገሩ በ2014 ብሔራዊ ሳይንቲስት ብላ ሾመችው፤ በ2021 አረፈ።

መድኃኒቱ ተአምር ነው አንልም። በየዓመቱ እየተረጨ ውሃና ማዳበሪያ የተነፈገ ዛፍ ይደክማል። በኋላ የመጣው ፓክሎቡትራዞል ደግሞ የቅርንጫፉን እድገት ገትቶ ዛፉን ወደ አበባ ይመልሰዋል፤ ችግሩ አፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ መቆየቱ ነው። ጭሱ ቢያንስ በነፋስ ይሄዳል፤ የጠባቂውን ዓይን ማቃጠሉ ግን አይቀርም።

እናቶች፣ አባቶች፣ እናንተስ በአገር ቤት ፍሬ ቶሎ እንዲደርስ ወይም እንዲበስል ምን ታደርጉ ነበር? ጻፉልን፤ መጻፍ የሚያስቸግራችሁ በድምፅ ላኩልን።