እርፉን ያልለቀቀው ወንድም

የስኮትላንዱን ባለቅኔ የሮበርት በርንስን ስም ያልሰማ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለንም። ስሙን ባይሰማ እንኳ ፈረንጆች በአዲስ ዓመት ዋዜማ እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚዘፍኑትን ዜማ አንድ ቀን ሳይሰማ አይቀርም። ስለ ሮበርት ብዙ ተጽፏል፤ ሐውልቱም በየአገሩ ቆሟል። እኛ ግን በዚህች ጽሑፍ ስለ እርሱ ልናወራ አልተነሣንም፤ ስለ ታናሽ ወንድሙ ስለ ጊልበርት ነው። «ደግሞ ጊልበርት ማነው?» የሚለን አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም። በመጻሕፍቱ ውስጥ ቢገኝም ብዙውን ጊዜ በግርጌ ማስታወሻ ነውና። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንናገር።)

ሮበርት በ1759፣ ጊልበርት በ1760 ኤይር ከተባለችው ከተማ አጠገብ በአሎዌይ መንደር ተወለዱ። አባታቸው ዊልያም አትክልተኛ ነበር። የተወለዱበትንም የጭቃ ቤት የሠራው በገዛ እጁ ነው። ልጆቹ ከፍ ከፍ ሲሉ ለሰው ተቀጥረው ከሚቀሩ በአባታቸው ዓይን ሥር ይደጉ ብሎ በ1766 ማውንት ኦሊፋንት የተባለውን እርሻ ተከራየ። መሬቱ 70 ኤከር፣ ማለት 28 ሄክታር ያህል ነው። ኪራዩ ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት በዓመት 40 ፓውንድ፣ ከዚያ በኋላ 45 ፓውንድ ነበር። ከብትና ዕቃ መግዣውንም 100 ፓውንድ ያበደረው ያው ባለመሬቱ ነው። አሁን ስፋቱን ሰምቶ «እንዴ፣ ይኼማ ዲታ ነው!» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን አፈሩ የተራቆተ፣ ዘር ተቀብሎ ፍሬ የሚከለክል ነበር። ለዓመታት ከዚያ ቤት ሥጋ የሚባል ነገር አልገባም። ቅጥር ሠራተኛም አልነበረም። ሮበርት በ13 ዓመቱ እህል መውቃት ጀመረ፤ በ15 ዓመቱ የእርሻው ዋና ሠራተኛ እርሱ ሆነ።

ይህን ሁሉ የምናውቀው ከማን ነው? ከጊልበርት ነው። ወንድሙ ከሞተ በኋላ በጻፈው ረጅም ደብዳቤ የዚያን ቤት ኑሮ አንድ በአንድ አስፍሯል። የሮበርት ትከሻ ገና በልጅነቱ እንደጎበጠ፣ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ያሠቃየው የመንፈስ ጭንቀትና የልብ ሕመም ከዚያ ድካም የመጣ መሆኑን የመሰከረው እርሱ ነው። ታዲያ ልብ በሉ፤ በዚያው ማሳ፣ በዚያው ብርድ፣ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ብቻ የሚያንስ ሌላ ልጅ አብሮ ይሠራ ነበር። ስለዚያ ልጅ ደብዳቤው እምብዛም አይናገርም። የራሱ ድካም «እኛ» በምትለው ቃል ውስጥ ተሸሽጎ ነው የሚያልፈው።

ባለመሬቱ ሲሞት የመሬቱ ጉዳይ በአንድ ወኪል እጅ ወደቀ። በእኛ ቋንቋ ምስለኔ ብንለው ያስኬዳል። ኪራይ በዘገየ ቁጥር የዛቻ ደብዳቤ ይልካል፤ ደብዳቤው ሲነበብ ቤተሰቡ በሙሉ ያለቅሳል። ሮበርት ይህን አልረሳም። «ሁለቱ ውሾች» በተባለው ግጥሙ ድሃ ጭሰኛ በምስለኔ ፊት ቆሞ ስድብ ሲጠጣ አሳይቶናል። ግጥሙን ያነበበ ሁሉ ምስለኔውን ጠልቶ ይነሣል፤ እኛም ጠልተን ተነሥተናል። ይህን ምስለኔ አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ስለ ትምህርታቸው አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። አባትየው ከጎረቤቶቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ ጆን መርዶክ የተባለ ወጣት መምህር ቀጥሮላቸው ነበር። መርዶክ ከብዙ ዓመት በኋላ ሲጽፍ፣ በዚያን ጊዜ ጨዋታ አዋቂውና ሐሳበ ብሩሁ ጊልበርት መስሎ ይታየው እንደነበር ተናግሯል። ሮበርት ፊቱ ኮስታራ፣ ጆሮው ለዜማ የማይሰማ ልጅ ነበር፤ ከሁለቱ የትኛው ገጣሚ ይሆናል ተብሎ ቢጠየቅ ማንም ሮበርትን አይጠራም ነበር ይላል። መርዶክ ተሳስቷል እንበል፤ ውጤቱን አይተናልና። ቢሆንም ከዚያ ቤት ሁለት ባለ አእምሮ ልጆች መውጣታቸውን የሚመሰክር አንድ መምህር አለን። አንዱ ምን እንደሆነ ዓለም ያውቃል።

በ1777 ሎክሊ ወደተባለ ሌላ እርሻ ተዛወሩ። እዚያም ኪራዩ ከበደ፤ ከባለመሬቱ ጋር ሙግት ተነሣ። ሙግቱ እስከ ኤድንበራ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1784 መጀመሪያ አባትየው ረታ። ረትቶም ምን አተረፈ? ጥሪቱ በሙግት አልቆ፣ ሳንባው በበሽታ ተበልቶ ነበር፤ በወሩ ሞተ። ከዕዳው የተረፈችውን ቁራጭ ያዳኑት ልጆቹ ናቸው። እንደ ማንኛውም ቅጥር ሠራተኛ ያልተከፈለን ደመወዝ አለ ብለው ከባለዕዳዎቹ ጋር ተሰለፉ። ልጅ ከአባቱ ደመወዝ ሲጠይቅ ለጆሮ ይከብዳል፤ ግን እናትና ታናናሾች ሜዳ ላይ እንዳይወድቁ ያደረገው ይህ ነው።

ሁለቱ ወንድማማቾች ሞስጊልን አንድ ላይ ተከራዩ፤ 118 ኤከር በዓመት 90 ፓውንድ። እያንዳንዳቸው ከቤቱ የሚያገኙት በዓመት 7 ፓውንድ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ዘሩ ክፉ ሆነ፤ የሁለተኛው መኸር ዘገየና እህሉ እኩሌታው ጠፋ። በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ግን የእነዚያ ዓመታት መኸር እጅግ ሰፊ ነው። «ለአይጧ» የተባለው ግጥም ሮበርት እርፍ እንደያዘ የተገጠመ ነው። የመጀመሪያውስ አድማጭ ማን ነበር? በ1784 በጋ ሁለቱ ከጓሮ አትክልቱ መካከል አረም ሲያርሙ ሮበርት ለወዳጁ ለዴቪ የጻፈውን ግጥም በቃሉ ይወጣለታል። ጊልበርት ያዳምጥና ይህስ ቢታተም ሰው ይወደዋል ይለዋል። ደራሲ የመሆን ሐሳብ መጀመሪያ የተነሣው በዚያች ሰዓት ይመስለኛል ሲል ጊልበርት ራሱ ጽፏል። በክረምቱም ለቤቱ ማገዶ ከሰል ሊያመጡ ጋሪ እየነዱ ሲሄዱ ስለ ሰይጣን የገጠመውን በመንገድ ላይ አሰማው። እኛ እንግዲህ እነዚህን ግጥሞች የምናነበው በወረቀት ነው፤ መጀመሪያ የተሰሙት አረም ነቃይ በሆነ፣ ጋሪ በሚነዳ ወንድም ጆሮ ነው።

በ1786 ሮበርት መላው ጠፋ። ጂን አርመርን አስረግዞ አባቷ አሳደደው። ከዚያ በፊት ከአንዲት የቤት ሠራተኛ የወለዳት ኤልሳቤጥ የምትባል ሕፃንም ነበረችው። ወደ ጃማይካ ልሰደድ ብሎ ቆረጠና በሐምሌ ወር በእርሻው ላይ ያለውን ድርሻና ከሚታተመው መጽሐፉ የሚገኘውን ጥቅም ለጊልበርት የሚያስተላልፍ ሰነድ ፈረመ። በምትኩ ጊልበርት ሕፃኗን እንደ ልጁ ሊያሳድግ ቃል ገባ። መጽሐፉ በዚያው ወር መጨረሻ በኪልማርኖክ ከተማ በ612 ቅጂ ታተመ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ጃማይካ ቀረ፣ ኤድንበራ ተገኘ፣ ባለርስቶቹና ሊቃውንቱ «የሰማይ ጥበብ የተማረ አራሽ» እያሉ በየግብዣው አዞሩት።

አራሹ ግን ሞስጊል ቀርቷል! ማን ነው እናቱን፣ ሦስቱን እኅቶች፣ ታናሹን ወንድም፣ የሮበርትን ሕፃን ይዞ በዚያ ቀዝቃዛ መሬት ላይ የተቀመጠው? ይህን ስንጽፍ ከመካከላችን ዝም ያሉ ነበሩ። ይህችን መጽሔት ከምናዘጋጀው ስንቶቻችን ነን ወንድማችን በሬ ጠምዶ ቀርቶ እኛ ደብተር ይዘን የወጣን? እርሱ በሬ ሸጦ የላከልንን ገንዘብ ፎቶ ኮፒ አድርገንበታል። ለዚህ ነው የጊልበርትን ነገር እንደ ተራ የታሪክ ወሬ ልናልፈው ያልቻልነው።

ሮበርትን ለመውቀስ ግን አይመቸንም። የኤድንበራው እትም ገንዘብ ሲያስገኝለት በ1788 180 ፓውንድ ያህል ለጊልበርት አበደረ። ያ ገንዘብ ባይደርስ ኖሮ ቤተሰቡ ከሞስጊል ይፈናቀል ነበር። ከጠቅላላ ገቢው ሲታይ ሩብ የማያንስ ነው። እንግዲህ ማን ማንን አዳነ ቢባል ሒሳቡ ቀላል አይደለም። እርሻው ግጥሙን መገበ፤ ግጥሙ ደግሞ እርሻውን አዳነ። ብድሩ ግን ብድር ነው፤ ይህንም ጊልበርት አልዘነጋም።

ሮበርት በ1796 በዳምፍሪስ ከተማ በ37 ዓመቱ ሞተ። ሚስቱ ጂን ልጆች ይዛ ቀረች። ጊልበርትም በ1791 አግብቶ ልጅ በልጅ ላይ ይወልድ ነበር፤ በጠቅላላው 11 ወልዷል። በ1798 ሞስጊልን ለቀቀ፤ ሌላ እርሻም ሞከረ፤ አልሆነለትም። በመጨረሻ የሮበርት ወዳጅ የነበሩት የእመቤት ደንሎፕ ልጅ የአንድ እርሻ አስተዳዳሪ አድርጎ በምሥራቅ ሎዝያን ቀጠረው። በ1804 ደግሞ የሌዲ ብላንታየር ርስት ወኪል ሆነ። አዎ፣ ምስለኔ! ያ ደብዳቤው ሲነበብ በልጅነቱ ያለቀሰለት ሹመት። በዚህ ነገር ላይ እኛ ብዙ ተከራክረናል። አንዳንዶቻችን «ከመደቡ ከዳ» አሉ፤ ቃሉ ከድሮ የተማሪ ጽሑፎች የተወረሰ መሆኑ ነው። ሌሎቻችን ደግሞ 11 ልጆችና ያረጀች እናት ያለው ሰው መሬት ሦስቴ ከከዳው በኋላ ምን ይብላ አልን። ወደዚህኛው እናዘነብላለን። ደግሞ እንበል፣ የጭሰኛን እንባ ከቤቱ የሚያውቅ ሰው በዚያ ወንበር ቢቀመጥ ከማያውቀው ሳይሻል አይቀርም። እስከ ዕለተ ሞቱ 23 ዓመት በዚያው ሥራ ቆየ። እናቱም በቤቱ ጧሪ አግኝታ ኖራ በ1820 ከእጁ ሞተች።

የምንወቅሰው በሌላ ነው። በ1800 ጀምስ ከሪ የተባለ ሐኪም የሮበርትን ሥራዎች ከሕይወት ታሪኩ ጋር አሳተመ። ትርፉ ለጂንና ለልጆቿ ስለዋለ ይመስገን፤ ነገር ግን ሮበርትን በመጠጥ የጠፋ ሰው አድርጎ ሣለው። አሳታሚዎቹ መጽሐፉን እንደገና ሊያወጡ ሲሉ ጊልበርት እንዲያዘጋጀው ተጠየቀ። እንዴት አድርጎ ለወንድሙ ይሟገት በሚለው ላይ ገጣሚው ዎርድስወርዝ ሳይቀር ምክር ተጠይቆ በ1816 መልሱን በደብዳቤ መልክ አሳተመ። ጊልበርት ግን የሚጮህ ሰው አይደለም። በ1820 በወጣው እትም የከሪን ጽሑፍ እንዳለ ትቶ የራሱን ማስታወሻና ተጨማሪ ቃል ብቻ አከለበት። ስሙ የጠፋ ወንድም ይህ ብቻ ነው የሚገባው? እኛ ብንሆን ያንን ጽሑፍ ቀድደን እንጥለው ነበር። እርሱ ደግሞ ዘመኑን ሁሉ እንደኖረው፣ በኅዳግ ላይ በትንሽ ፊደል መሟገትን መረጠ።

ለዚያ ድካሙ 250 ፓውንድ ተከፈለው። ሁለተኛ እትም ቢወጣ ሌላ 250 ይጨመርለት ነበር፤ አልወጣም። ጊልበርት በ1827 ሞቶ ቦልተን በተባለች መንደር ቤተ ክርስቲያን ግቢ እናቱ ካረፈችበት ተቀበረ። ከመሞቱ በፊት ግን ከዚያ 250 ፓውንድ ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆየውን የሞስጊል ብድር አውጥቶ ለወንድሙ ሚስት ለጂን አርመር መለሰ።