አስናቀች ወርቁ፦ ተዋናይቷና ክራሯ

የአማርኛ ተውኔት ታሪክ በአብዛኛው የደራስያን ታሪክ ሆኖ ቆይቷል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር (የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር) በ1948 ዓ.ም. በመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» መከፈቱን ተማሪዎቻችን አይስቱትም፤ በዚያ ዘመን መድረክ ላይ ስለ ቆሙት ሴቶች ሲጠየቁ ግን ዝም ይላሉ።

ከፈር ቀዳጆቹ አንዷ አስናቀች ወርቁ ናት። የሴትን ገጸ ባሕርይ ወንዶች ሲጫወቱ በኖሩበት አገር፣ መድረክ የወጣች ሴት «አዝማሪ» መባሏ አይቀርም ነበር። የቃሉን ክብደት ለጎንደር አንባቢ ማስረዳት አያሻም። ቡርቦክስን የመሰለ የአዝማሪዎች መንደር በአቅራቢያችን አለ፤ በሠርጋችን ለምንሸልመው ሰው ግን ልጃችንን አንድርለትም። አስናቀች ስድቡን ፈርታ ክራሯን አልሸሸገችም፤ ትወናውንም ዜማውንም አንድ ላይ ይዛ ዘለቀች።

የሚያስቆጨው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የኢትዮፒክስ 16ኛ ሲዲ ድምጿንና ክራሯን ለዓለም አሰማ። በመስከረም 2004 ዓ.ም. ስታርፍም በይበልጥ የተወሳችው በክራሯ ነው። ትወና እንደ ዘፈን በሸክላ አይቀመጥም፤ የሚተርፈው በተመልካች ትዝታ ነው፤ ተመልካቹም እያረጀ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚፈልግ ተማሪ የታተመውን ተውኔት እንደገና ከማገላበጡ በፊት እነዚያን ተመልካቾች ፈልጎ ቢጠይቅ ይሻላል፤ መጽሐፉ ከመደርደሪያው አይጠፋም።